በአሸዋ የታሸ ብረት

ያ ክረምት አልለቅ ያለ ክረምት ነበር። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ አላየንም። ጭጋጉ መካነ ሰላም ላይ ከጠዋት ገብቶ እስከ ማታ ይተኛል፤ ልብስ ታጥቦ አይደርቅም፣ እንጨት አይነድም፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በግድግዳ ይነጋገራል እንጂ ደጅ አይወጣም። እኔ ድሮ ዝናብ እወድ ነበር። ልጅ ሳለሁ ክረምት ሲባል የሚታየኝ ከኋላው የሚመጣው እሸት ነው። ያን ዓመት ግን ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር ዝናቡን እረግም ነበር። የእህቴ ልጅ ሙሐሲን መስኮቱ ሥር ቆሞ ወደ ወግዲ ሲያይ ይውላል። እዚያ ማዶ፣ ወይራ አምባ ከምትባል መንደር ግርጌ፣ የቁፋሮ ማሽናችን ክንዱን እንደዘረጋ ዝናብ ይመታዋል።

ያ ማሽን የኸዲጃ ዕድሜ ነበር። ኸዲጃ የሙሐሲን ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞትብኝ ሁለቱንም እኔ ቤት አመጣኋቸው። እሷ ግን ቁጭ ብላ መብላት አልሆነላትም፤ ገና በአፍላነቷ ጅዳ ገባች። የሰው ቤት እየወለወለች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች ባጠራቀመችው ያገለገለ ስካቫተር ተገዛ፤ ያ ትራክተር የሚመስለው፣ ከፊቱ አካፋ፣ ከኋላው ረጅም መቆፈሪያ ክንድ ያለው። ሙሐሲን በሰው ማሽን ላይ ሠርቶ መንዳቱንም መጠገኑንም ለምዶ ነበርና በእሱ እጅ ሆነ። ቃላቸው አንድ ነው። ማሽኑ ሥራ ይዞ ቤቱን ማኖር ሲጀምር ኸዲጃ ጠቅልላ ትመጣለች፣ እዚሁ ትዳር ትይዛለች። የወይራ አምባ የውኃ ቦይ ቁፋሮ ሲገኝ፣ ይኼ በደንብ ካለቀ የሚቀጥሉት መንደሮች ቁፋሮም የእኛ ነው ተባለ። እሷም ለአሠሪዎቿ ልትለቅ መሆኗን ነገረች።

ሙሐሲን ነገር የማያበዛ፣ እጁ ግን የማያርፍ ልጅ ነበር። ማታ ማታ ክንዱን ሰብስቦ ሳያጥፈው፣ ከሲሊንደሩ የሚወጣውንና የሚገባውን ነጭ ዘንግ ዘይት በነካ ጨርቅ ሳይጠርገው ቤት አይገባም። አንድ ቀን ለሚስት የሚሆነውን ፍቅር ለብረት አዋልከው ብዬ ተረብኩት።

«ሚስት ሲከፋት ትናገራለች አክስቴ» አለኝ። «ይኼ እስኪሰበር ድረስ ዝም ነው።»

በሰኔ መጨረሻ ቦዩ ሊጠናቀቅ ትንሽ ሲቀረው መንደሩ ውስጥ ጡሩንባ ተነፋ። አባባ ይሄነው አርፈው ነው፤ ነፍስ ይማር። ለሙሐሲን ዘመዱ አይደሉም፣ ሃይማኖታቸውም ሌላ ነው። ግን ቁፋሮው ላይ ሳለ ማደሪያ የሰጡት እሳቸውና ባለቤታቸው እማማ ብርሀንነሽ ነበሩ። በእኛ አገር ጡሩንባ እየሰማ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ሰው አይባልም። ክንዱን የቦዩ ማዶ ዳር ላይ እንዳሳረፈ ሞተሩን አጠፋና ሄደ። ቃሬዛ ተሸከመ፣ አፈር አለበሰ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። ከቀብር ሲመለሱ ዝናቡ ወረደ። የሚያጣብቀው መረሬ አፈር ጎማውን ዋጠው። አሁን ክንዱን ቢሰበስበው ማሽኑ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል፤ የተዘረጋው ክንድ ነው እንደ ምርኩዝ የያዘው። ጭቃው ጠፈፍ ሲል እመለሳለሁ ብሎ ተወው። ከዚያ መንገዱ በጭቃም፣ በጸጥታ ችግርም ተዘጋ፣ ናፍጣ ጠፋ። ነጩ ዘንግ ከሲሊንደሩ እንደወጣ፣ ዝናብ እየመታው ክረምቱ በዚያው አለፈ።

ጥቅምት ላይ መንገድ ሲከፈት እማማ ብርሀንነሽን ላስተዛዝን አብሬው ሄድኩ። እንደደረስን ሙሐሲን እኛን ትቶ ወደ ማሽኑ ሮጠ። ቆይቶ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። ዝጎ ይጠብቀኛል ያለው ዘንግ እንደ አዲስ ብር ያብረቀርቃል።

ለካ ሴቶቹ ናቸው። እማማ ብርሀንነሽ የመንደሩን ሴቶች አሰባስበው፣ ልጃችን ባሌን ለመቅበር ብሎ ነው ንብረቱን ዝናብ ያስመታው፣ ዝጎ አያገኘውም ብለው፣ ዘንጉን በአሸዋና በአመድ አሽተውታል። ድስት እንደሚታሸው።

«ክንዳችን እስኪዝል ነው ያሸነው» አሉት እማማ ብርሀንነሽ። «ያንተን ውለታ ግን አይመልሰውም ልጄ።»

ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔም የሰው ፍቅር እንዲህ ነው ብዬ ደስ እያለኝ መረቅሁ።

ማሽኑ በመኪና ተጎትቶ ወጣ፣ ሥራው ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ከፍ ብሎ በቆመበት፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ዘንጉ ላይ ዘይት ይወርዳል። ሙሐሲን መጀመሪያ ዘይቱ ቀጥኖ ይሆናል ብሎ ቀየረው። ከዚያ ክንዱን አንስቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ዘንጉ ላይ በከሰል ምልክት አድርጎ ጠበቀ፤ ምልክቱ ከቦታው ሸሸ፣ ዘይት ያመልጣል ማለት ነው። ሲሊንደሩን ሲፈታው መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት፣ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ላስቲክ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተልትሏል። ክረምቱን ሳይሠራ ከርሞ ደርቆ ነው ብሎ ከደሴ አዲስ አስመጣ። ገጠመው፣ ሠራ፣ ደስ አለን። ሳምንት አልቆየም፣ ያው ሆነ።

ሐሰተኛ ላስቲክ ሸጡልኝ አለ። ቀጥሎ እኔ ገልብጬ ገጥሜው ይሆናል አለ። ዘንጉ ጎብጦ እንደሆነ ብሎ ክር ወጥሮ ለካው፤ ቀጥ ያለ ነው። ቫልቩን ፈታ፣ ቱቦዎቹን ፈታ። ኸዲጃ ራሷ ጅዳ ፈልጋ በሰው እጅ ጎሚኒ ላከች፤ እሱም ተበላ። እሷ በደወለች ቁጥር፣ «አብሽሪ፣ የቀረው ላስቲክ ብቻ ነው» ይላታል። እሷም ይኼንን ይዛ አሠሪዎቿን ትንሽ ታገሡኝ፣ እለቃለሁ እያለች ትቀመጣለች። ብረቱን አንድም ቀን አልጠረጠረውም። እንዴት ይጠርጥረው፣ እያብረቀረቀ!

ወይራ አምቦችም ውኃ ጠማቸው፣ መጠበቅ ሰለቻቸው። ሌላ ማሽን አመጡና ቦዩን አስጨረሱ። የሚቀጥሉትም መንደሮች ያንኑ ማሽን ወሰዱ፤ የእኛው መጥቶ ደጃችን ቆመ። አልፈርድባቸውም፣ ግን አልረሳውም።

በኋላ ከአጅባር ሃሩን የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ለሌላ ሥራ መጥቶ ቤታችን ገባ። ዘንጉን አየት አደረገና ከኔ ባዘቶ ጥጥ ለመነ። ጥጡን ከላይ እስከ ታች ዘንጉ ላይ ሳብ አደረገው። ጥጡ እየተያዘ፣ እየተቦጨቀ፣ ክሩን ብረቱ ላይ ጥሎ ወረደ።

«በምንድን ነው ያሻችሁት?» አለ ሃሩን።

ሙሐሲን ብረቱ ላይ የቀረውን ክር በጣቱ ለቀመ፤ ሃሩን ቀጠለ።

«ዝገት ነጥብ ነጥብ አድርጎ ነው የሚበላ፤ እሱም አለበት። ይኼ ግን ጭረት ነው፣ አሸዋ ነው። ላይኛውን ልባጥ ገፎታል። ላስቲክ በቀየርክ ቁጥር ለቢላ ሥጋ ነው የምታቀርበው ወንድሜ።»

አዲስ አበባ ወስዶ ማስለበጥ ወይም ሌላ ዘንግ መግዛት ነው መድኃኒቱ አለና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። የምንገዛበት ገንዘብ ደግሞ በላስቲክ አልቋል፣ ሥራውም ከእጅ ወጥቷል።

እኔ እሳት ሆንኩ። ነጠላዬን አንስቼ ወይራ አምባ ልወርድ፣ ልናገራቸው ስል ሙሐሲን በሩ ላይ ቆመ።

«በአላህ ይሁንብሽ አክስቴ። እማማ ብርሀንነሽ ለባላቸው ብለው ያደረጉት የመጨረሻው ነገር ያ ነው። ይኼን ሰምተው በምን ይኑሩ?»

ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን እማማ ብርሀንነሽን ጨው ተራ አገኘኋቸው። አቅፈው ሳሙኝ፣ ስለ ሙሐሲን ከልባቸው አዘኑ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጁስ ጥሩ ልጅ ነበር፣ የዐረብ አገር ገንዘብ በረካ የለውም ይላሉ አሉኝ። አብረዋቸው ያሉት ሴቶች አንገታቸውን ነቀነቁ። ያሹት እጆች እነዚያው ናቸው። ጨው ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሙሐሲን እውነቱን የነገረው ለኸዲጃ ብቻ ነው። ስልኩን ጮክ አድርጎ ነበርና ሰማሁ። የሆነውን ሁሉ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ ሂድና ንገራቸው አለችው። ቤት ሲቃጠል አገር አዋጥቶ ይሠራ የለም ወይ፣ ለዘንጉም ያዋጡ፣ አውቀው እንዳላደረጉት እኔም አውቃለሁ፣ ግን ይወቁት አለችው። አልናገርም አላት። ለመነችው። አልናገርም አላት።

«እንግዲያው ስማኝ» አለች። «አንተን ላመሰገኑህ ምስጋና በኔ ዕድሜ ከፈልክላቸው። እኔን ማን ያመሰግነኛል?»

ስልኩ ተዘጋ። ማን ልክ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሁለቱንም አሳድጌያለሁ፣ ለሁለቱም ሆዴ ይቃጠላል፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ኸዲጃ ውሏን እንደገና አደሰች። ዓርብ ዓርብ ትደውልልኛለች፤ ስለ ጤናዬ ትጠይቃለች፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለች፣ የወንድሟን ስም ግን አታነሳም። ጠጉሯ መሸበት እንደጀመረ ነገረችኝ፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ማሽኑን አንድ የደሴ ነጋዴ ለመለዋወጫ ገዛው፣ በመኪና ጭኖ ወሰደው። ሙሐሲን ገንዘቡን ሙሉውን ለእህቱ ላከላት፣ መድረሱን እንኳ አልነገረችውም። ከዚያ በኋላ ቤት መዋል ጠላ። ጥር ላይ ልብሱን በከረጢት ይዞ በአጅባር በኩል ደሴ ወረደ። ከደሴ በኋላ የደወለልኝ አንዴ ነው። ሎጊያ ነው፣ በአፋር፤ አንድ ድንጋይ መፍጫ ላይ ድንጋይ የሚጭን ሎደር ይነዳል፤ ማሽኑ የሰው ነው።