አብሾውን እንቢ ያልሁበት መኸር

ሸሕዲ የደረስሁት ሰሊጡ ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን ነው። ከምኖርበት ከጎንደር የጠራችኝ የታናሽ ወንድሜ ሚስት ነበረች። በስልክ ያለችኝን ቃል በቃል መድገም አልችልም። በእኔ ዕድሜ ቃል በቃል አስታውሳለሁ የሚል ሰው ባገኝ እጠራጠረዋለሁ፤ ራሴንም ከዚህ ጥርጣሬ አላወጣም። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ወንድሜ አብሾ ሊጠጣ ነው፤ ሰጪው ደግሞ ያለ ታላቅ ወንድም ፈቃድ አልሰጥም ብሏል፤ ስለዚህ መጥቼ እሺ እንድል ያስፈልጋል።

«አብሾ አለበት» ሲባል ያልሰማ የአገራችን ሰው የለም፤ ጽዋውን በዓይኑ ያየው ግን ጥቂት ነው። አስተናግር ከሚባለው፣ በየመንገዱ ዳር መለከት የመሰለ ነጭ አበባ ከሚያብበውና እሾሃም ፍሬ ከሚያፈራው ተክል የሚዘጋጅ መጠጥ ነው። በቆሎ ተማሪነት ዘመን አእምሮ ይከፍታል፣ ቃል ያስይዛል ተብሎ ለተማሪ ይሰጥ ነበር። የጠጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አረቄ ወይም ጠጅ ከቀመሰ ያብዳል ይባላል። እኔ ጠጥቻለሁ። ልጅ ሳለሁ የኔታ ናቸው የሰጡኝ። ኋላ በዓለማዊው ትምህርት ገፍቼ፣ የመድኃኒት ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ ወጣሁ፤ በአገሬ ሰው ዘንድ ግን ያ ሁሉ ትምህርት የዚያች ጽዋ ሥራ ነው። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። ጥንቃቄ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ ለራሴም አልለየሁትም።

ወንድሜ በዚህ ቆላ በትራክተር ነጂነት ጀምሮ የራሱን የሰሊጥ እርሻ እስከ መያዝ የደረሰ ሰው ነው። የእርሻው ካምፕ በተቃጠለ ጊዜ ውስጡ ነበረ። አብረውት ከነበሩት ሠራተኞች የወጣ የለም የሚሉ አሉ፤ ጥቂቶች ተርፈዋል የሚሉም አሉ፤ እሱ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ጭስ በሸተተው ቁጥር ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። በቆላ ደግሞ ጭስ የማይሸትበት ቀን የለም፤ ምንጣሮው ይቃጠላል፣ የሠራተኛው ድስት ሜዳ ላይ ይጣዳል። ሚስቱ ጠበል ወስዳዋለች። ጎንደር ሆስፒታልም ወስዳው ነበር፤ የተሰጠው ኪኒን ቀን ከሌሊት ሲያስተኛው ተወው። እኔ በደረስሁበት ሰሞን የአረም መርዝ የሚቀመጥበትን ክፍል ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አስራ ትዞር ነበር። ለምን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የተቀመጥነው በግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አብሾውን ሊሰጥ የመጣው መርጌታ የቀድሞ የጉባኤ ጓደኛዬ ነበር፤ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለን ተምረናል። እሱ በዚያው ዘልቆ፣ የደጋ ሠራተኛ ወደ ሰሊጥ ሲወርድ ተከትሎ ወርዶ፣ እዚህ ሲያክም ኖሯል። ሦስተኛው ሰው ጎረቤት ባለ ሱቅ፣ በዕድሜ የሚከበር እስላም ነጋዴ ሲሆን፣ በሽምግልና የጠራችው የወንድሜ ሚስት ናት።

«መጣህ?» አለ መርጌታው። «ፀጉሩ ሁሉ ሄዶ መነጽሩ ብቻ ቀረልህ አይደል?»

«ያንተስ ጥምጣም ምን እንደ ሸፈነ ማን አይቶ?» አልሁት።

ነጋዴው ሳቀ። «ያ ዞል» አለ፣ የሱዳን ሰው ወንድሙን እንደሚጠራው፤ «አንዳችሁ ከሌላችሁ አትሻሉም። ወደ ጉዳዩ ግቡ። ሰውየው ከበሩ ኋላ ሆኖ ይሰማናል።»

እውነት ነበር። የወንድሜ በር ገርበብ ብሎ ነበር።

የወንድሜ ሚስት እጇን አጣምራ ቆመች። «ጋሼ፣ እኔ ብዙ ነገር አላውቅም» አለች። «ጠበሉን ሞከርሁ፤ ሐኪሙን ሞከርሁ። አንቱ እሺ ካሉ ነገ ጠዋት ይጠጣል። ልጃችንም በስልክ ልኮልኛል፤ በውጭ አገር ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች በእንጉዳይ እየታከሙ ነው። ሐኪም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ።»

«ሰማህ?» አለ መርጌታው። «ፈረንጅ ሲያደርገው ጥናት፣ እኛ ስናደርገው ጥንቆላ። አንተም ከእነሱ ዘንድ ተምረህ ስለ መጣህ ነው ፊትህን የምታጠቁረው።»

ነገሩ ከንቱ ስድብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፊቴን ያጠቆርሁትም ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ይሆናል። የእኛ ሊቃውንት ከማንም አስቀድሞ የሰው አእምሮ በቅጠል እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ያውቁ ነበር፤ ያን ዕውቀት ግን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ ቀርበን መርምረነው አናውቅም። ስለ እንጉዳዩም የተባለው ሐሰት አይደለም። ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዝርያዎች የሚገኘው ንጥረ ነገር በጽኑ ኀዘንና በድንጋጤ ለተያዙ ሰዎች ይጠቅም እንደ ሆነ በሐኪም ክትትል እየተሞከረ ነው፤ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል፣ ያልተረጋገጠውም ብዙ ነው። በዘሩ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ልቡ የታመመ፣ ከደጃፍ ይመለሳል። ያን ሁሉ እንደ መምህር በቀስታ አስረዳኋቸው። ከዚያም አስተናግር ያ እንዳልሆነ ነገርኋቸው። ያኛው ሰውየው ያየውን እያወቀ ያሳየዋል፤ ይህኛው ግን ማየቱንም ማወቁንም ይወስድበታል። ኀይሉ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ መጠኑን የሚያውቅ የለም፤ ከሚያፈዝዘው እስከሚገድለው ያለው መንገድም አጭር ነው።

«አንተን ገደለህ?» አለ መርጌታው።

«ላብህ ደርቆ እንደ ነበር ታስታውሳለህ?» አልሁት።

«ቆዳዬ እንደ ብራና ነበር። እናስ?»

«የጠጣነው ደጋ ላይ ነው። ውርጭ በሚጋግርበት አገር፣ ቀዝቃዛ ውኃ በላያችን ላይ እየተደፋ። ይህ መድኃኒት ላብ ያደርቃል። እዚህ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንኳ እንደ ወንፊት እየፈሰስን ነው፤ የሚያኖረንም እሱ ነው። በዚህ ሐሩር ላቡ የተዘጋ ሰው ከውስጥ ይበስላል።»

መርጌታው ወደ ፀሐዩ ቀና ብሎ አየ። ከደጋ ይዞት የወረደውን ጽዋ እስከዚያ ቀን ከአየሩ ጋር አስተያይቶት የሚያውቅ አልመሰለኝም። ነጋዴው በመሐረቡ ግንባሩን ጠረገ፤ ከዚያም መሐረቡን ራሱን ተመለከተው።

ጓደኛዬ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም፤ በቅኔ ቤትም እንዲሁ ነበር። «እንግዲያው ደጋ እናውጣው» አለ። «ዳባት ዘመድ አለኝ። ብርዱም ውኃውም ሞልቷል።»

የወንድሜ ሚስት ፊት በራ። «እወስደዋለሁ» አለች ወዲያው። «ሰሊጡ ይርገፍ። ጋሼ፣ ምን ቀረዎ?»

ምን እንደ ቀረኝ መናገር ከሁሉ የከበደኝ ያን ጊዜ ነው፤ የቀረኝ ነገር ዕውቀት ሳይሆን አለማወቅ ነበርና። መርጌታው በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ «ምስክሩ ይኸው ተቀምጧል» ይል ነበር። ምስክርነቴ ግን ባዶ ነው። ከጠጣሁበት ቀን የማውቀው ሰዎች የነገሩኝን ብቻ ነው፤ ከግድግዳ ጋር ስከራከር ዋልሁ አሉ። የእኔ የምለው ብርሃን ዓይኔን እንደ ወጋኝና ምላሴ እንደ እንጨት እንደ ደረቀ ነው፤ እሱንም ቢሆን ኋላ ስለ ተክሉ ካነበብሁት ጋር ደባልቄው እንደ ሆነ አላውቅም። ቃል የመያዝ ችሎታዬ ከጽዋው በፊት ነበረኝ ወይስ አልነበረኝም? ይህን የሚያውቁት የኔታ ነበሩ፤ እሳቸውም አርፈዋል።

«ከእኛ ጋር የጠጣው ልጅስ?» አልሁት። «አእምሮው ሳይመለስ ቀረ። አኩፋዳውን ጥሎ ሄደ።»

«ተስቦ ነው የያዘው» አለ መርጌታው፤ በእርግጠኝነቱ ተገረምሁ። «ወላጆቹ በቃሬዛ ወሰዱት። ከዚያ ድኖ፣ ቀስሶ፣ ልጆች ወልዶ ኖረ።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«ሰማሁ። አንተስ ማበዱን አየህ?»

አየሁ ልለው ነበር። ልጁ ብቻውን ሲናገር ይታየኛል፤ የሚታየኝ ግን የእሱ ፊት ይሁን ስለ እኔ የተነገረኝ ወሬ፣ መማል አልችልም።

«እንግዲያው ስማኝ» አልሁት። «አብሮን የጠጣው ልጅ ይጥፋ ይዳን ሁለታችንም አናውቅም። ያወቀም፣ የጠየቀም፣ የተከታተለም የለም። የዳነውን እንተርካለን፤ የጠፋውን ተስቦ ነው እንላለን። እንዲህ ባለ ሚዛን ወንድሜን አላስመዝንም። ደጋም ይሁን ቆላ፣ እንቢ።»

«አንቱ የጠጡትን ለወንድምዎ ይነፍጉታል?» አለች ሚስቱ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

«እነፍገዋለሁ።»

በሩ ተከፈተና ወንድሜ ወጣ። በባዶ እግሩ ቆሞ ከእኛ አንዳችንንም ሳያይ ወደ መሬት ተናገረ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ልጠጣው እፈልጋለሁ። ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ልይ።»

«ሌላ ነገር እንደሚያሳይህ ማን ነገረህ?» አልሁት። «ያንኑ እሳት ቢያሳይህስ? በዚያ ቀን እሳቱ እውነት አለመሆኑን የሚነግርህ አእምሮ አይኖርህም።»

«ቢሆንስ? አሁንስ ምን አለኝ?»

እንቢታዬን ግን አላነሣሁም። መርጌታው ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ። «ታላቁ እንቢ ካለ እኔ እጄን አላነሣም» አለ። «ኩነኔው ግን በአንተ ነው።» «በእኔ ይሁን» አልሁት።

በማግስቱ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። የሄድሁት ወንድሜን በቅርብ የሚከታተል የአእምሮ ሐኪም የሚገኝበትን መንገድ ልጠይቅ ነው። ያነጋገረኝ ሹም ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር። የወንድሜን ነገር ሰምቶ ሲያበቃ ግን የያዘው የመርጌታውን ነገር ነው።

«መምህር፣ እርስዎ ማመልከቻ ቢጽፉልን ሰውየውን ዛሬውኑ እናስይዘዋለን» አለኝ።

«በምን?»

«በአደንዛዥ ዕፅ ነዋ።»

ወደ መስኮቱ አመለከትሁት። በአጥሩ ሥር አስተናግሩ ነጭ አበባውን ዘርግቶ፣ ፍሬው ተሰንጥቆ ቆሞ ነበር። «እስከማውቀው ድረስ ይህ ተክል በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የለም» አልሁት። «ሰው የሚጎዳ ሁሉ በሌላ ሕግ ይጠየቅ ይሆናል፤ ያ የዳኛ ነገር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሐኪሞች በጥንቃቄ እየመዘኑት ያለው የእንጉዳዩ ንጥረ ነገር ነው። እሱን እዚህ ልመርምር የሚል ሐኪም ቢመጣ ምን ትለዋለህ?»

«እሱማ ክልክል ነው» አለ፤ ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማውና ፈገግ አለ። «እኔ አልጻፍሁት፣ መምህር።»

እሱ እንዳልጻፈው አውቃለሁ። ነገር ግን ሊመዘን የሚችለውን ቆልፎ፣ ሊመዘን የማይችለውን በየአጥሩ ሥር የተወ ሥርዓት ጠበቀኝ ብዬ አላመሰግንም። በሩ ይበርገድ አላልሁም። የአገራችን ሐኪሞች፣ በአገራችን ሕግ፣ በሽተኛውን አጠገቡ ተቀምጠው የሚጠብቁበት ጠባብ በር ይከፈት ነው ያልሁት። ይህን በተለያየ ጊዜ ጽፌ በሽምግልናዬ የዕፅ ጠበቃ ተብያለሁ። አሁንም እለዋለሁ። ያ በር ተከፍቶ ቢሆንና ወንድሜ የሚስማማው ሆኖ ቢገኝ፣ እጁን ይዤ የማስገባው እኔ ነበርሁ።

ማመልከቻውንም አልጻፍሁም። መርጌታው የማያውቀውን ጽዋ ይዞ መጥቷል፤ ግን ፈቃድ ጠይቋል፣ ሲከለከልም እጁን ሰብስቧል። ከሐኪም ርቆ ያለ ሕዝብ ወደ እሱ ቢሄድ ጥፋቱን በእሱ ብቻ ጭኜ ወደ ቤቴ አልመለስም። ሹሙ ቅር አለው፤ ሆኖም የጎንደሩን ቀጠሮ በስልክ አስያዘልኝ።

ወንድሜን ጎንደር የወሰድሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሐኪሟ የቀድሞው ኪኒን በዝቶበት እንደ ነበር ተናገረች፤ ሌላ ሰጠችው፣ ቀስ ብሎ የሚጨመር። እኔም ቤቴ አልቀረሁም፤ አብሬው ሸሕዲ ተመለስሁ። የወንድሜ ሚስት ለአጨዳው ወደ እርሻው ወረደች፤ ነዶውን አስቁማ፣ ሠራተኛውን አስተዳድራ፣ እሱ ሊሠራው የሚገባውን ሁሉ ሠራች። እኔ ከእሱ ጋር ቤት ቀረሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የገለባ ጭስ ከተማውን ሸፈነው። ወንድሜ ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ እኔ ግን ውስጥ ነበርሁ፣ አልወጣሁለትም። ጉልበቱን አቅፎ ጥግ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ስለ ካምፑ የተናገረው ነገር አለ። ብዙ አይደለም፤ የአንድ ሠራተኛ ጫማ የት እንደ ነበር ነው የነገረኝ። የቀረውን አልጠየቅሁትም፤ እዚህም አልጽፈውም፤ የእሱ ነውና።

አልዳነም። ዳነ ብል ውሸት ይሆናል፤ ኪኒኑንም የሚረሳበት ቀን አለ። ሸሕዲ ውስጥ «የተማረው ወንድሙ መድኃኒት ከለከለው» ይባላል፤ ነጋዴው ወሬውን እየሳቀ ያመጣልኛል። ይበሉ። የወንድሜ ሚስት ከእርሻ ስትመለስ አቧራዋን ሳታራግፍ «ጋሼ፣ አሁንም እንቢ ነው?» ትለኛለች፤ እኔም «አሁንም» እላታለሁ። ከዚያ ምሳችንን ሦስታችንም ከአንድ ገበታ እንበላለን።