የቀነ ገደቡ ሰውዬ

ሰውዬው አሜሪካ፣ ቶሊዶ ከተማ ካለው የመኪና ፋብሪካ በጡረታ ከወጣ ወራት ቢያልፉም፣ የብየዳ ፍንጣሪ የበሳሳውን የሥራ ጃኬቱን አልጣለም። ሜዲኬር ለሚሉት ለአዛውንቶች የጤና መድን ሊመዘገብ ወደ ቢሮው እየመጣ፣ ተራው ሲደርስ ሳይመዘገብ ብድግ ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ግን የቀነ ገደቡ መጨረሻ ነው።

«ዛሬ ካለፈዎት ዕድሜ ልክዎን ከነቅጣቱ ነው የሚከፍሉት» አለችው መዝጋቢዋ ሎሬታ።

«ዕድሜ ልኬን? ረጅም ዕድሜ ተመኘሽልኝ በይኛ!»

«ይቀልዱ። ቢታመሙስ?»

«እኔ? ስሚ እህቴ፣ የምፈርመው መንግሥት በእኔ ቅጣት እንዳይደሰት ብዬ ነው። አልታመምኩም!»

ፈርሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሎሬታ በመስኮት በዓይኗ ተከተለችው። መኪናው ላይ ተደግፎ፣ አፍኖት የቆየውን ሳል ጎንበስ ብሎ ለቀቀው። እያየችው መሆኑን ሲያውቅ ቀና አለና አፉን ጠረገ።

«አቧራ ነው!» ብሎ ጮኸባት።

ከጠዋት ያላባራው ዝናብ ጃኬቱን አበስብሶት ነበር።