ሁለት ካርድ፣ አንዲት ሴት

የካርድ ክፍሉ ሠራተኞች አንዱን ባልደረባቸውን «አቋራጭ» ይሉታል። የታካሚ ካርድ ሲጠፋ ሌሎቹ «ነገ ተመለሱ» ይላሉ፤ እሱ አዲስ ካርድ ከፍቶ ያሳልፋል። ሆስፒታሉ ውስጥ የእሱን ያህል ምርቃት የጠገበ ሰው አልነበረም። አሮጌው ካርድ የትም ይግባ፣ ማንም ተመልሶ አይፈልገውም።

ሚስቱ ወድቃ ጎኗን ስትመታ ራጅ ተነሳች። አጥንትሽ ደህና ነው ተብላ ተሸኘች። ሳንባዋ ላይ ጥላ መታየቱን የሚገልጸው ጽሑፍ ካርዷ ውስጥ የገባው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ከወራት በኋላ ሳል ያዛት። ካርዷ ተፈልጎ ታጣ፤ ወረፋው ደግሞ እስከ ግቢው በር ደርሷል። ቆማ ከማያት ብሎ አቋራጭ አዲስ ካርድ ከፈተላት። ዶክተሩ ምንም ያልተጻፈበት ካርድ አየና የሳል ሽሮፕ አዘዘ። የበሽታዋ ስም ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር።

አሮጌውን ካርድ ያገኘው ከቀብሯ በኋላ ነው፤ በሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ተሸጉጦ። ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው።

ልጃቸው እዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። ዶክተሩ ሊያጽናናቸው ቤት ሲመጣ ፊቷን አዞረችበት። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ «ሽሮፕ» ነው የምትለው። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች። አባቷ አንድ ቀን እንኳ «ተይ ልጄ» አላላትም። ዶክተሩም ራሱን ሳይጠራጠር አልቀረም፤ ያሳለውን ሁሉ ወደ ራጅ ይልካል። «እሱ በር ላይ ጉሮሮህን እንዳትጠርግ፣ ፎቶ ትነሳለህ» ይላሉ ሠራተኞቹ። ሲስቁ አቋራጭ አብሮ አይስቅም።

ከዚያ ለካርድ ክፍሉ ኮምፒዩተር መጣ። መደርደሪያው ላይ የነበረው ካርድ ሁሉ ተራ በተራ ገባ። መሳቢያው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ቀሩ።

ዓመት ሳይሞላው ዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ገምጋሚ ላከ። ሥራዋ አዲሱ ሥርዓት የተገዛበትን ዓላማ መምታት አለመምታቱን ማጣራት ነው። ወረፋው ማጠሩን አየች፤ ሐኪሞቹን አነጋገረች። የቀራት አንድ ነገር ነበር። ለአንድ ሰው የተከፈቱ ሁለት ካርዶች ሲገኙ ማሽኑ አዋህዶ የቀድሞውን ውጤት ለሐኪሙ ማሳየት አለበት። እስከዚያ ድረስ የተሞከረው በፈጠራ ታካሚዎች ነው። እሷ የእውነተኛ ሰው ካርድ ፈለገች። ካርድ ክፍል ገብታ አቋራጭ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያልገባ ካርድ ይኖር ይሆን?»

«እሱን ነው መጠየቅ» አለች ከወዲያ ጠረጴዛ ባልደረባው። «በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ መንታ የሆነው በሱ ነው።»

የለም ቢላት አመስግናው ትሄድ ነበር። ሁለት ካርድ ማቃጠል ደግሞ የአንድ ክብሪት ሥራ ነው። በመስኮቱ የዶክተሩ በር ይታያል። የሚያስሉ ሰዎች ተደርድረዋል። ልጁ የመርፌ ሣህን ይዛ በዚያ በኩል አለፈች፤ በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አቋራጭ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ሁለት ቀርተዋል» አላት።

ገምጋሚዋ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባቻቸው። ማሽኑ የልደት ዘመኑንና አድራሻውን አመሳክሮ፣ የአንድ ሰው ናቸው ወይ ሲል ጠየቀ። «አዎ» የሚለውን የተጫነው እሱ ነው። የራጁ ጽሑፍ ከሽሮፑ ትእዛዝ በላይ በቀይ ወጣ።

«አዩልኝ? ይህን ያየ ሐኪም ሽሮፕ ሰጥቶ አይሸኛትም ነበር» አለች ገምጋሚዋ ደስ ብሏት። ከዚያ የታካሚዋ ተጠሪ በሚለው ቦታ የተጻፈውን ስም አነበበች፤ ቀና ብላም እሱ ደረት ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየች። 

«የኔ ናት» አለ። «ይሠራል ብለሽ ጻፊ።»

ልጁን ራሱ አስጠራት። ቆማ አነበበች። ነርስ ናት፤ ማስረዳት አላስፈለገም።

«ይሄን አዲሱን ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«አሮጌው መቼ ተገኘ?»

«ከቀበርናት በኋላ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ሽሮፕ ሽሮፕ ስል ትሰማኝ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

 ወጣች።

በመስኮቱ በዓይኑ ተከተላት። ዶክተሩ በር ጋ ደርሳ ከሚያስሉት ኋላ ተራ ያዘች። አንድ ሽማግሌ ታካሚ ነጭ ጋውኗን አይተው እለፊ ብለው መንገድ ለቀቁላት። ራሷን ነቅንቃ እዚያው ቆመች።

ከሥራ ሲወጡ አባትና ልጅ አብረው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት። እንደ ወትሮው የግቢው በር ላይ ጠበቃት። ሰው እየቀለለ ሲሄድ ጥበቃው መጥቶ፣ ልጅህ እኮ በጓሮ በር ወጥታለች አለው።