የዘመድ ማር አይነከርበትም

በየነችን በማር የሚያታልል ሰው ቴፒ ገበያ ገና አልተወለደም ይባል ነበር። ከጌጫና ከማሻ ደን የወረደ ማር በባልዲ ሲቀርብላት ቀጭን የቀርከሃ ዘንጓን አንስታ እስከ ባልዲው ወለል ድረስ ትሰዳለች። ከላይ ጥሩ ማር፣ ከሥር የተቀቀለ ስኳር ይዞ የመጣ ብልጥ፣ ዘንጉ ሲወጣ ጉዱ አብሮ ይወጣል። "ምነው ወንድሜ፣ ንቦችህ ሻይ ቤት ከፈቱ እንዴ?" ትለዋለች። ገበያው ይስቃል፤ ሰውየውም ባልዲውን አንጠልጥሎ ውልቅ ይላል።

አንድ ሕግ ግን አለ፦ የዘመድ ማር አይነከርበትም። ዘመድ ባመጣው ባልዲ ውስጥ ዘንግ መስደድ ሰውን በአደባባይ ሌባ ብሎ መስደብ ነው፤ በዚህ ሰበብ ተኳርፈው ለቅሶ እንኳ ሳይደራረሱ የቀሩ ወንድማማቾች አሉ። ከጌጫ በላይ ባለው ደን ውስጥ አባቷ ትተውት የሄዱት ቀፎ ለታናሽ ወንድሟ ለአሞጽ ደርሷል። የእሱ ማር ሲመጣ በየነች ክዳኑን እንኳ አትከፍትም።

አሞጽን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ደብተሯን አስቀምጣ እሱን አዘለች። እሱ ተማረ፣ ሚዛን ተፈሪ ላይ የሞባይል ሱቅ ከፈተ፣ ክራባት አሰረ። እሷ ማር ሻጭ ሆና ቀረች፤ ቅር ብሏትም አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ከጌታ ትለምን ነበር፤ ልጇ ሚርያም እሷ ካቆመችበት እንድታልፍ።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሚርያም አሥረኛ ክፍል ደረሰች። ማትሪክ አልፋ መሰናዶ ካልገባች ትምህርቱ እዚያው ላይ ማክተሙ ነው። መምህሯ ገሠሠ ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጾ በኮምፒውተሩ አጠራቅሟል፤ ኔትወርኩ እንደሆነ የክረምት ፀሐይ ነው፣ ብቅ ይልና ይጠፋል። "ታብሌት ይግዙላት፤ እኔ በየሳምንቱ እሞላላታለሁ" አላት። "ውዱን አይፈልጉ፣ ርካሹንም አይመኑ። መካከለኛው ይበቃታል። ብቻ ባትሪው መብራት ሲጠፋ እስከ ማታ የሚቆይላት፣ ማስቀመጫው ሠላሳ ሁለት ጊጋ የሆነ ይሁን።"

በየነች ሳዲቅ ሱቅ ሄደች። ሳዲቅ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግንና የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ሦስት ታብሌት ደረደረላት። በየነች ማር እንደምትመርጥ አገላብጣ አየቻቸው፤ ፀሐይ ላይ አውጥታ መስታወቱን አየች፣ ድምፁን ሰማች፣ ቻርጀሩን ሰካች። መካከለኛው ልቧን ወሰደው። ሳዲቅም "ውስጡንም እንየው፣ እትዬ በየነች፤ የእኔ ቢሆንም ሳይፈትሹ አይውሰዱ" አለና ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ይሄኔ አሞጽ ደወለ፤ ታብሌት ልትገዛ መሆኑን ሰምቷል።

"እታለም፣ ወንድምሽ ሞባይል ሻጭ ሆኖ ከባዳ ልትገዢ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል? እኔ እልክልሻለሁ፤ ያውም በመጣበት ዋጋ።"

በየነች አፈረች። ሳዲቅን ይቅርታ ጠይቃ ወጣች።

ታብሌቱ በሳምንቱ መጣ። ካርቶኑ ላይ ሠላሳ ሁለት የሚል ተጽፎበታል፤ ሲከፈትም ሠላሳ ሁለት ነኝ ይላል። በየነች እንመርምረው አላለችም። ወንድሟ የላከው ነዋ! ሚርያም እንደ ሕፃን አቀፈችው።

ሁለት ወር ሰላም ነበር። ከዚያ ትምህርቱ መጥፋት ጀመረ። መምህር ገሠሠ የፊዚክሱን ሲሞላ ባዮሎጂው አልከፈት ይላል፤ ባዮሎጂውን ሲደግምላት ሒሳቡ ይሄዳል። "እኔ አልነካሁትም እማዬ" አለች ሚርያም። በየነች ታብሌቱን ተቀብላ በጣቷ ስትዳብስ የሆነ ሰርግ ቪዲዮ ወጣ፤ ለሚርያም ጓደኛዋ የሰጠቻት ነው። ልጇን ተጠራጠረች። ለማን ትንገር? ለአሞጽ ደወለች።

"ልጆች ናቸው እኮ፣ እታለም" አላት እየሳቀ። "ለፊልም ቦታ ሲጠባቸው ትምህርቱን ያጠፉታል። ጠበቅ አድርጊያት።"

ጠበቅ አደረገቻት። ቦርሳዋን በረበረች፣ ፍራሿን ገለበጠች፣ ጓደኞቿን አንድ በአንድ ጠየቀች። ሚርያም "በጌታ ስም እማዬ፣ አላጠፋሁም!" ስትላት "በስሙ ደግሞ ትምያለሽ!" ብላ በጥፊ መታቻት። ልጇን መትታ አታውቅም ነበር። ታብሌቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሚርያም ከዚያን ቀን ወዲህ አልተከራከረችም፤ የሰው ደብተር እየተዋሰች አጠናች፣ ተፈተነች፣ ነሐሴ ላይ ውጤት ሲመጣ ለጥቂት ወደቀች።

በየነች ያንን ዕቃ ዓይኗ እንዳያየው ብላ ልትሸጠው ሳዲቅ ጋ ወሰደችው። ሳዲቅ ሳይፈትሽ ዕቃ አይገዛም። ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው፣ ሞላው፣ መልሶ አየው፤ ከዚያ ገመዱን ነቅሎ ወደ እሷ ዞረ።

"እትዬ፣ ይሄ ሠላሳ ሁለት ነኝ ይላል እንጂ ውስጡ አራት ነው። እንዲዋሽ አድርገው ሠርተውታል። ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተደረበ ያጠፋዋል።"

"ልጄ ያጠፋችው አይደለም?"

"ምን በወጣት! ማንም ቢይዘው ያጠፋል።"

በየነች ክው አለች። በዚያች ሰዓት አሞጽን አልጠረጠረችውም፤ እሱንም ሰው አታሎት ይሆናል ብላ አዘነችለት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምታ አታውቅ ይመስል! በማግስቱ ልታስጠነቅቀው ሚዛን ሄደች።

ሱቁ ስትደርስ አሞጽ ለአንድ ባለ ቡና ገበሬ ታብሌት እየሸጠ ነው። "ከፍተህ እይ ጌታዬ፣ ሙላና ፈትሽ፣ እኔ ጋ ማፈር የለም" ይላል። በየነች ገበሬው ፈትሾ፣ ከፍሎ፣ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የራሷን ታብሌት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"ለእኔስ ፈትሺው ያላልከኝ ለምንድን ነው?"

አሞጽ ታብሌቱን አየ እንጂ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። አለመጠየቁ ገደላት።

"ታውቅ ነበር?"

"እታለም… ያኔ ሁለት መጣልኝ። አንዱ እንደዚህ መሆኑን ከገዛሁት በኋላ ነው ያወቅሁት። ለባዳ ብሸጠው በነጋታው ይዞብኝ ይመጣል፣ ስሜን ያጠፋል።"

"እኔስ?"

"አንቺ…" አለ ዓይኑን ሰብሮ፣ "አንቺ የእኔን አትፈትሺማ።"

በየነች ተቃጠለች። በዕቃው አልነበረም። ደውላ "ልጄ ምን ነካት?" ስትለው የሳቀው ሳቅ ነው የታወሳት። "ጠበቅ አድርጊያት ያልከኝስ? የገዛ እህትህን ልጅ?" አለችው። አሞጽ አዲስ ካርቶን አንስቶ ገፋላት። "ይሄ ደህናው ነው፣ ውሰጂው፤ ከፈለግሽ ፈትሺው" አላት። ከፈለግሽ ፈትሺው! አልነካችውም። ባዶ እጇን ቴፒ ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ ሾፌሩ የሞተባት ሰው መስሎት ቴፑን ዘጋላት።

ለሚርያም ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቱ አዳምጣ ስታበቃ "እሺ" ብላ ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች።

በሚቀጥለው የማር ወቅት የአሞጽ ባልዲዎች እንደ ልማዱ ገበያው መሐል ተደረደሩ። ሚርያም አሁን ከእናቷ ጎን ሆና ክዳን ታጥባለች። በየነች ዘንጓን አነሳች። አጠገቧ የምትሸጠው ዓለምሸት ደነገጠች፦

"የወንድምሽን? ኧረ ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል።"

ክዳኑን ከፍታ ዘንጉን እስከ ወለሉ ሰደደችው። ገበያተኛው አንገቱን አሰገገ። ዘንጉ ወጣ፤ ማሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ንጹሕ ነው። በየነች ስኳር ቢወጣ ኖሮ ደስ ይላት ነበር፤ ደስታ ግን አላገኘችም፣ እፍረትም አልተሰማትም። ወደ ሁለተኛው ባልዲ ስትዞር ሚርያም ዘንጉን ከእጇ ወስዳ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።

"እኔን ስትፈትሺ ግን አልከበደሽም ነበር፣ እማዬ" አለች፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ዘንጉን መልሳ ሰጠቻት።