ፊልሙ የረሳት ልጅ

በልጅነቴ እየሰማሁት ያደግሁት ተረት ከሰማይ በላይ ስለሚሄድ አንድ ትልቅ መርከብ ነው። ተራኪው አያቴ አባባ ይመር ነበሩ። ብዙ ዘመን ከደሴ መካነ ሰላም የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲላቸው ቤት ዋሉ። በሹፌርነታቸው ጊዜ ደሴ ባደሩ ቁጥር ቪዲዮ ቤት ይገቡ ነበርና፣ ካዩዋቸው ፊልሞች ሁሉ ከልባቸው ያልጠፋው ይህ የመርከቡ ፊልም ነበር። ቋንቋውን አይሰሙትም፤ ያዩትን ግን በራሳቸው አማርኛ አሳምረው ይነግሩናል።

ያኔ መብራት ብዙ ምሽት ይጠፋል። እናቴ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ታስገባና ኩራዙን መስኮቱ ሥር ታስቀምጣለች፤ ጭሱ አፍንጫችንን እያጠቆረው፣ ፍሙ ፊታችንን እያሞቀው ጀርባችንን እየበረደን፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ሰዓዳ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን አባባ ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ እንጠብቃለን። ሰዓዳ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። እናቷ ዘይነባ ዐረብ አገር ለሥራ ስትሄድ እኛ ቤት ትታት ነበር የሄደችው።

የመርከቡ አዛዥ ደፋር ሰው ነው፤ ይዋጋል፣ ይማረካል፣ ያመልጣል። እኔ እሱን ነበር የምወደው። ሰዓዳ ግን ልቧ ያለው አንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ነበር። ልጅቱ የመርከቡ ወጥ ሠሪ ልጅ ናት፤ በተረቱ ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች እንጂ ስም እንኳ የላትም። ጆሮዋን የብረቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ሞተሩን ታዳምጥና የታመመበትን ቦታ በጣቷ ታሳያለች። አባባ የሞተሩን ድምፅ በአፋቸው ሲያሰሙን፣ ዳገት ላይ የሚያቃስት የጭነት መኪና ድምፅ ነበር።

አንድ ምሽት መርከቡ ተመቶ፣ ሰዎቹ በትንንሽ ጀልባዎች አምልጠው አንዲት ለምለም ኮከብ ላይ ካረፉ በኋላ፣ አባባ «አበቃ» ሊሉ ሲሉ ሰዓዳ ከጋቢው ውስጥ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ልጅቱስ?»

«የቷ ልጅ?»

«ሞተሩን የምታዳምጠዋ። ይዘዋት ወረዱ?»

አባባ ፍሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «እሱን አላየሁም፣ ልጄ» አሉ።

«ረስተዋት ነው?»

«እንጃ። ያላየሁትን አየሁ አልልሽም።»

ሰዓዳ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። በማግስቱ ቁርሷን ሳትነካው ቀረች፤ ምሳዋንም እንዲሁ። እናቴ አባባን ደጅ አግኝታ ስትናገራቸው በር ሥር ሆኜ ሰማሁ።

«አዎ ይዘዋታል ቢሏት ምን ነበረበት? ተረት አይደል እንዴ?»

«ለአረፋ እናትሽ ትመጣለች ያልኋት እኔ ነኝ» አሉ አባባ። «የበዓሉ ዕለት አዲስ ልብሷን ለብሳ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች መሸባት። ከዚያ ወዲህ የምላትን ሁሉ ዐይን ዐይኔን እያየች ነው የምትሰማኝ። አሁን የምትጠይቀኝም ስለ ፊልሙ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ አልዋሻትም።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዓዳ እናቷን የምትጠብቅ አይመስለኝም ነበር፤ ስሟን አንስታ አታውቅማ።

ጥቂት ቀን ቆይተው አባባ ከዘራቸውን ይዘው በጠዋቱ ሚኒባስ ደሴ ሄዱ። ጉልበታቸውን ሊታከሙ መስሎን ነበር። በማግስቱ አመሻሽ ላይ እግራቸው አባብጦ ሲመለሱ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሰዓዳን ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጧት።

«ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሰውዬውን ግን አፈላልጌ አገኘሁት። ፊልሙን ያስታውሰዋል» አሏት። «የልጅቱን መጨረሻ እሱም አላየም። ሠሪዎቹ ረስተዋታል፣ ልጄ። ወላሂ፣ ሌላ ነገር ብሰማ እነግርሽ ነበር።»

ሰዓዳ ያበጠውን እግራቸውን አየች።

«ለእሷ ብለው ነው ደሴ የሄዱት?»

«ለእሷ ብዬ ነው።»

ጠጋ ብላ ክንዳቸው ላይ ተደገፈች። አባባም፣ «አንቺስ የት ያለች ይመስልሻል?» አሏት።

«መርከቡ ውስጥ» አለች ሰዓዳ። «ሞተሩን እያዳመጠች ነው። የታመመውን ጠግና ስትጨርስ ነድታ ትመጣለች።»

«ነዳጅ አላት?»

«ትንሽ አላት።»

«እንግዲያስ ቁልቁለቱ ላይ ትቆጥብ» አሉ አባባ፣ ከልባቸው።

ያን ማታ ሰዓዳ እራቷን በላች። ከዚያ ወዲያ ተረቱ የእሷ ሆነ፤ እሷ ትናገራለች፣ አባባ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ይጠይቃሉ፣ እኔም አዛዡን ቀስ በቀስ ረሳሁት።

ዘይነባ የመጣችው ሌላ ክረምት አልፎ ነው። ሰዓዳ አላወቀቻትም፤ አባባ ጀርባ ሄዳ ተሸሸገች። ሲመሽ ግን ዘይነባ እጇን ፍሙ ላይ እያሞቀች፣ «ማታ ማታ ምን ትጫወቱ ነበር?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሰዓዳ ወጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመረችላት። ዘይነባን የመንገዱ ድካም አሸነፋትና እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ሰዓዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች እንጂ አላቋረጠችም።

አባባ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። በቅርቡ ያን ፊልም ስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘሁትና እስከ መጨረሻው አየሁት። ልጅቱ የምትታየው አንዴ ብቻ ነው፤ በጠባብ መተላለፊያ ስታልፍ ቆም ብላ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ታልፋለች። የታመመ ሞተር የለም። ወጥ ሠሪ እናትም የለቻትም። ያን ሁሉ የሰጧት አባባ ነበሩ።

ለሰዓዳ ደውዬ ነገርኋት። «ይህን ሁሉ ከጨመሩላት፣ መጨረሻዋን ለምን አልጨመሩላትም?» አለችኝ።

አባባ ተረት ሲያወሩ እንደፈለጉ ይጨምሩ ነበር። ያን ምሽት ግን ሰዓዳ ከተረቱ አልፋ ስለ ራሷ እንደጠየቀቻቸው ገባቸው፤ የሌላቸውን መልስ ሊሰጧት አልፈለጉም። ዛሬ የራሴ ልጆች ጠይቀውኝ መልሱን ሳላውቀው ስቀር፣ «አላውቅም» ብዬ ተነስቼ አልሄድም፤ እንደ አባባ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ።