ውስጡ ሰው አለ?

ልጅ እያለሁ መንደራችን ድረስ መንገድ የሚያወጣ ዶዘር መጣ። መሬቱ ገና ከሩቅ ይንቀጠቀጣል። የናፍጣው ሽታ ከተገለበጠው ርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ልጆቹ ሁላችንም ተበታተንን። እናቴ ግን ክንዴን ይዛ አቆመችኝና፣ «ቆይ እስቲ፣ ውስጡ ሰው አለ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ ሾፌሩ ከላይ ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበልን። «በል ሂድና እይ፤ ሰው ካለበት ምንም አያደርግህም» ብላ ለቀቀችኝ። ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ብረት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ ዐይኔ የሚፈልገው ሰውየውን ነው።

ይህን ያነሳሁት በልጄ በናትናኤል ጌም የተነሳ ነው። ከአገር ወጥተን ኧርቪንግ የምትባል ከተማ ስንገባ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። እኔ ኤርፖርት ሻንጣ እጭናለሁ፤ አውሮፕላኑ የአፓርታማችንን ጣሪያ ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል። እሱ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፉ ላይ ዝርግት ይልና ሮቦቶቹን ያዋጋል። ሁለት የጌም ሲዲ ነበረው። ሁለቱም ላይ ያለው የብረት ሰው ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል።

አንደኛው ከባድ ነው። ሲራመድ ቴሌቪዥኑ ራሱ የሚወዛወዝ ይመስላል። ሰውየው መሰላል ይወጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ቀበቶውን ያስራል፤ ከዚያ ነው ብረቱ የሚነሣው። የብረቱን እጅም እግርም መቀየር ይቻላል። ከባድ መሣሪያ ካሸከሙት ግን ይንቀራፈፋል፤ ሞተሩም ይግላል። ይሄ ይገባኝ ነበር፤ የማውቀው ዶዘር ነው። ሌላው ቀጭን ነው፤ ይበራል። ዐይኔ ሳይደርስበት ጠላቱን ጥሎ ሌላው ላይ ሰፍሯል። ሾፌር የሚባል ግን አይታይም።

«ውስጡ ሰው አለ?» እለዋለሁ።

«አለ፣ አባዬ።»

«ታዲያ የታለ?»

«አለ፤ አይታይም እንጂ። ኦኬ? አሁን አታናግረኝ፣ ልሞት ነው!»

«ካልታየማ የለም» ብዬ አበሽቀዋለሁ። ተራ ሲሰጠኝም ሮቦቱ ወደ ቀኝ ሲዞር እኔም ከነወንበሬ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። «አባዬ፣ አንተ እኮ አትዞርም፣ እሱ ነው የሚዞረው!» ብሎ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል።

አሁን ናትናኤል ራሱ የልጆች አባት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ሥራ ላይ እያለ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ካፉም ቃል አይወጣም። ካሮልተን ከተማ ባለው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ያያል። ዶክተሮቹ «እናያለን» ይላሉ፤ ሌላ አይሉም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ምግብ ይዘው ይመጣሉ፤ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል። ግን እሱ እዚያው ተቀምጦ እያለ ስለ እሱ የሚጠይቁት እኔን ነው። አንድ እሑድ አንዲት እህት፣ «አባባ፣ ለመሆኑ ሰው ይለያል?» አለችኝ። ሚስቱ ሰብለ ሳህኖቹን ሰብስባ ኪችን ገባች፤ የቧንቧው ውኃ ዝም ብሎ ሲፈስ ሰማሁት። እኔም ዐይን ዐይኑን እያየሁ ያንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት።

በማግስቱ ሰብለን፣ ያንን ጌም ከነአሮጌ ቴሌቪዥኑ ከቤቱ ጋራዥ አውጪልኝ አልኳት።

«አባባ፣ ይሄ ደግሞ ገና ይሠራል ብለው ነው?»

«እስቲ ሰኪው፣ ልጄ።»

ሠራ። አቧራው ሲሞቅ ያ የኧርቪንግ ምንጣፍ ሸተተኝ። መጀመሪያ የማውቀውን ከባዱን ከፈትኩ። ሰውየው መሰላሉን ወጣ፣ ቀበቶውን አሰረ። ጆይስቲኩን ናትናኤል እጅ ላይ አደረግሁት፤ አልጨበጠውም። ሮቦቱ እንደቆመ ጠላት ይቀጠቅጠው ጀመር። አጠፋሁት። እሱ ይወደው የነበረውን ቀጭኑን አስገባሁና ጆይስቲኩን ራሴ ያዝኩ። ሮቦቱ ብድግ ብሎ በረረ፤ ማቆሚያውን አላውቀው! ሲዞር እኔም ዞርኩ፤ ሲያጋድል አጋደልኩ፤ ወንበሬ ሊወድቅ ሲል ጠረጴዛው ያዘኝ።

ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከሳል ያነሰ ትንፋሽ። ዘወር ስል ናትናኤል መስኮቱን ትቶ እኔን ያያል። በግራ በኩል የከንፈሩ ጫፍ ወደ ላይ ተስቧል። ሰብለ ከኪችን እየሮጠች፣ «ምንድን ነው? ምን ሆነ?» ስትል ፊቱ ወደ መስኮቱ ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ አልደገመውም። በየቀኑ ቀጭኑን ከፍቼ ከነወንበሬ እዞርለታለሁ፤ አንዳንዴ ይሰለቸው ይሆን እያልኩም እፈራለሁ። ያኔ በልጅነቱ ጠያቂው እኔ ነበርኩ፣ መላሹ እሱ፤ እኔም አላምነውም ነበር። ያቺ እህት ደግሞ ባለፈው እሑድ መጥታ ያንኑ ስትጠይቀኝ፣ ወንበሯን ስቤ እሱ ፊት ለፊት አስቀመጥኳትና፣ «አለ፣ ልጄ፤ አይታይም እንጂ። ራሱን አናግሪው» አልኳት።