የወተት ዱቄት ጣሳው አቧራ

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ልጅ አዝዬ። ስለዚህ ሰዎች ሳይንስ ሲሉ ወደ እኔ አእምሮ የሚመጣው መጽሐፍ አይደለም። አመድ የሞላ ሳፋ ነው።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ ብዙ ሰው የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነበር። ባሌ ወርቅ ሠሪ ነው። የራሱ ሱቅ የለውም። የአንድ ወርቅ ቤት ባለቤት ወርቁን መዝኖ ይሰጠዋል፣ እሱ ቤታችን ውስጥ ቀለበቱንም የጆሮ ጌጡንም ሠርቶ መዝኖ ይመልሳል። ወርቅ ደግሞ ሲሞረድ ይረግፋል። ግማሹ ጭኑ ላይ በሚዘረጋት ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ይበተናል፤ ከፀጉሩ ላይ ያራገፍኩለት ጊዜም አለ። ለዚህ ነው የወርቅ ሠሪ ቤት ቆሻሻ የማይደፋው። እኛም በጠረግን ቁጥር ጥራጊውን አልጋ ሥር በነበረች ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ እናጠራቅማለን፤ እጁን የታጠበበትን ውሃ ሳይቀር አጥልለን ዝቃጩን እዚያው። ፋሲካ ሲያልፍ ባሌ ከጣሳው ወርቁን ለይቶ ያወጣና ዓመቱን ሙሉ ሲጎድል የከረመውን ለባለቤቱ ያሟላል።

በዚያው በደርግ ጊዜ አንድ ዓመት የባሌ እናት ለፋሲካ ከገጠር መጡ። አማቴ ቁጭ ማለት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ቅዳሜ ዕለት እኔ ቄጤማ ልገዛ ወጥቼ፣ ባሌም ሥራ ሊያስረክብ ሄዶ ስንመለስ ቤቱ አላወቀንም። ግድግዳው ታጥቧል፣ አልጋው ቦታ ለውጧል። ደስ ብሎን ፈሰክን።

ሰኞ ጠዋት ባሌ ጣሳውን ፍለጋ አልጋ ሥር ገባ። የለችም። ለካስ በር ላይ ናት! ታጥባ፣ አፈር ተሞልታ፣ አማቴ ከአገር ቤት ያመጡት ጤና አዳም ተተክሎባታል።

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ የነበረውስ?»

«የቱ? ያ ቆሻሻ? አመድ ጉድጓድ ደፋሁት። ምነው፣ ትፈልገው ነበር እንዴ?»

የወርቅ ቤቱ ባለቤት በማግስቱ ሚዛኑን ይዞ ይመጣል። ያኔ ወርቅ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ አንድ ሠሪ አንዴ ሌባ ከተባለ ፒያሳ ላይ ማንም ሁለተኛ ወርቅ አያስነካውም። ባሌ አመድ ውስጥ ገባ ቢል ማን ያምነዋል? እናቱን ግን ሊያሳዝን አልፈለገም። «ቀለበት ወድቆብኝ ነው» አላቸውና አካፋ አነሳ።

ጎረቤታችን የሳይንስ አስተማሪ ነበረች። ጴንጤ ናት እየተባለ ስለሚወራባት መዝሙሯን በአፍንጫዋ ነው የምታንጎራጉረው። አመዱን ሲያወጣ አይታ መጣች።

«ምን ጠፋባችሁ?»

«እኔው ነኝ የጠፋሁት» አለ ባሌ።

ወደ ጓዳ ስቤ ነገርኳት። ልትስቅ ብላ ፊቴን አየችና ተወችው።

«ድብልቅ እኮ ነው» አለች። «ድብልቅ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ጠባይ እንደያዘ ነው የሚቀመጠው። አመዱ አመድ ነው፣ ወርቁም ወርቅ። ውሁድ ቢሆን ነበር መከራው። ጠባያቸውን እየጠየቁ መለየት ነው።»

ከሰሉንና ጠጠሩን በወንፊት ለየን። ከወንፊቱ ያለፈውን ስናይ ግን ተስፋ ቆረጥን፤ ያው ግራጫ አመድ ነው፣ አንዲት ብልጭታ የለውም። አማቴ ሰፌድ ይዘው መጡ።

«ስጡኝ እስቲ፣ እናንተ ከተሜዎች!» ብለው ወደ ላይ ሊያበጥሩት ሲሉ ባሌ ጮኸ።

«እማዬ! ነፋስ ይወስደዋል!»

«ቀለበት ነፋስ ይወስዳል?»

አማቴ ልጃቸውን አዩ፣ ጤና አዳም የተተከለባትን ጣሳ አዩ፣ ሰፌዱን አስቀመጡ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሳፋው አጠገብ ተቀመጡ።

«በል ንገረኝ። የምትፈልገው ነገር ከባድ ነው ቀላል?»

«ከባድ ነው፣ እማዬ። ከሁሉም ይከብዳል።»

«እንግዲያው ውሃ አምጡ።»

እህል ከጠጠር ሲለዩ እንደሚያንገዋልሉት ሳፋውን ያንገዋልሉት ጀመር። አመዱ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ ሲሄድ መምህሯ ከሥር ሌላ ሳፋ ይዛ ትቀበላለች፤ የፈሰሰውም ያመለጠ ካለ ተብሎ እንደገና ይታያል። እኔ ከቦኖ ውሃ እመላለሳለሁ። እነሱ ሥራው ሳያንሳቸው ወሬም ያዙ። መምህሯ በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ ወይ ጠጣር፣ ወይ ፈሳሽ፣ ወይ ጋዝ ነው ብትላቸው አማቴ አልዋጥላቸው አለ።

«ጢስስ?»

«ጋዝ ነው። ጥቂት ጥላሸትም አለበት።»

«ቅቤስ?»

«ሲቀዘቅዝ ጠጣር፣ ሲቀልጥ ፈሳሽ።»

«ጋኔንስ?»

«እሱን የሚያስተምሩት ቄሶቹ ናቸው፣ እማማ።»

ባሌ እንኳ ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከሰዓት በኋላ ሳፋው ግርጌ ጥቁር አሸዋ የመሰለ ነገር ቀረ። እሱን አድርቀን ማግኔት በወረቀት ጠቅልለን ስናዞርበት የሞረዱና የመጋዙ ብረት ተለቅሞ ወጣ። የቀረው አሲድ ውስጥ ገባ። ያኔ ባሌ ሁላችንንም ከአጠገቡ አባረረን፤ ጢሱ ቡናማ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል። መዳቡም ብሩም ሟሙቶ ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ወርቁን አሲዱ አይነካውም፤ ከአሸዋው ጋር ሥር ላይ ቁጭ ብሏል። ባሌ አጥቦ፣ ቦራክስ ጨምሮ አቀለጠው። ቦራክሱ አሸዋውን ይዞ እንደ ጠርሙስ ሆኖ ሲለይ አንዲት ቢጫ ፍሬ ወጣች። ሽምብራ ታህላለች። ባሌ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት።

ማክሰኞ ባለቤቱ መጣ። ገና ሚዛኑን ሳይተክል አማቴ ብድግ አሉ።

«ስማኝ ልጄ፣ ሳትመዝን። ይሄ ነገር ቢጎድል እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ አመድ ውስጥ የደፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ የሰው ነገር አይነካም።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ሁላችንንም አየን። ከዚያ ፍሬዋን መዘነ።

«ይጎድላል» አለ ባሌ፣ እሱ ሳይቀድመው።

«ይጎድላል።» ፍሬዋን አንስቶ መፈተሻው ድንጋይ ላይ ፈተጋት፣ ጭረቱ ላይ አሲድ አንጠባጥቦ ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ ቆየ። የማዝላት ልጄ ስትነጫነጭ አፏን በእጄ ያዝኩ።

«ሊያታልለኝ የፈለገ ሠሪ ቢሆን» አለ በመጨረሻ፣ «ጉድለቱን በመዳብ ሞልቶ ሚዛኑን ያስተካክልልኝ ነበር። ይሄ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ሆኖ የጎደለ ወርቅ አመድ ውስጥ ነው የቀረው።»

ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ወርቅ አውጥቶ ባሌ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ ነው። ጥንድ ቀለበት፣ እንዳታዘገይብኝ።»

ባሌ እጁን ጨብጦ ቆመ።

ባለቤቱ ሚዛኑን ሰብስቦ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ግን ቀለበቶቹ እስኪያልቁ እማማን መጥረጊያ አታስነኳቸው።»

ቀድመው የሳቁት አማቴ ናቸው።